ወንበሩ የማን ነው?
ስለ ዘር፣ ስለ ማንነትና ስለ ምክር ቤት ውክልና ለጀመዓ የተደረገ ንግግር





አዲስ ሹመት ሲሰጥ ወይም ምርጫ አልፎ የተመራጮች ዝርዝር ሲነበብ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር አለ። ሬዲዮኑን ከፍ አድርገን ስም እንቆጥራለን። «አሕመድ» ሲባል አንድ፣ «ከድር» ሲባል ሁለት፣ «ዘይነባ» ሲባል ሦስት። ዝርዝሩ ሲያልቅ ቁጥሩ በዛ ካለ ደስ ይለናል፣ ካነሰ እናዝናለን፣ ከዚያም ወደየሥራችን እንሄዳለን። እኛ ዛሬ እዚህ ፊታችሁ የቆምነውም ይህንኑ ስናደርግ የኖርን ነን።

ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ቆጠራው ከንቱ ነው ብለን አይደለም። ነገር ግን ስም ስንቆጥር ሌላ ትልቅ ጥያቄ ሳንጠይቅ አልፈናል። ያ ሰው የተቀመጠበት ወንበር የማን ነው? ማን አስቀመጠው? ነገ ቢያጠፋ ማን ሊያወርደው ይችላል? ይህን ለመረዳት ከእኛ ርቆ ያለ፣ ግን ብዙ የሚያስተምር ታሪክ መርጠናል። የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ ነው፣ በተለይም የአንዲት ግዛት የሰሜን ካሮላይና። ዓመቶቹን በሙሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ልብ በሉልን።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ ባርነት ከተሻረ በኋላ፣ በ1870 በቆዳ ቀለምና በቀድሞ ባርነት ምክንያት ማንም የመምረጥ መብቱን እንዳይነፈግ የሚደነግገው 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቀ። በዚያው ዓመት ሂራም ሬቨልስ የተባለ ጥቁር ከሚሲሲፒ ግዛት ተመርጦ ወደ ሴኔት መጣ። ተቃዋሚዎቹ «ጥቁር አናስገባም» አላሉም። ያነሱት ክርክር ሌላ ነው። ሴናተር ለመሆን ዘጠኝ ዓመት ዜጋ ሆኖ መቆየት ያስፈልጋል፣ ጥቁሮች ደግሞ ዜጋ የሆኑት ገና በቅርቡ ነው፣ ስለዚህ ጊዜው አልሞላለትም አሉ። በ48 ድምፅ ለ8 ተሸንፈው ሰውየው ቃለ መሐላ ፈጸመ። ይህችን ክርክር በልባችሁ ያዙልን፣ ወደፊት በሌላ ልብስ ደጋግማ ትመጣለችና። ቀለም አይጠራም፣ ሕግ ይጠራል።

ከ1870 እስከ 1901 ባለው ጊዜ 22 ጥቁሮች በአሜሪካ ኮንግረስ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ በባርነት የተወለዱ ናቸው። የመጨረሻው የሰሜን ካሮላይናው ጆርጅ ሄንሪ ዋይት ነበር፣ የሕግ ባለሙያ፣ ከ1897 ጀምሮ የተወካዮች ምክር ቤት አባል። በነበረበት ዘመን በመላው ኮንግረስ ውስጥ ጥቁር እርሱ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በደቡቡ ክፍል ጥቁሮችን ያለ ፍርድ በመንጋ አንጠልጥሎ መግደል የተለመደ ነገር ነበር። በ1900 ዋይት ይህን ድርጊት የፌዴራል ወንጀል የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። እንዲህ ያለ ረቂቅ ለኮንግረስ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው። ረቂቁ ከኮሚቴ ሳይወጣ ሞተ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ ምክር ቤት ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች ነበሩ። ግድያው በየጋዜጣው ይጻፍ ነበር፣ አያውቁትም አይባልም። ግን ጉዳዩን ሕግ አድርጎ ጽፎ ያቀረበው፣ የሚገደሉት የእርሱ ሰዎች የሆኑበት አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ የሰው ማንነት በምክር ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል ለሚል አንዱ መልስ ይህ ነው። ሌላው እያየ የሚያልፈውን እርሱ ያነሳል። ማንሳት ግን ማጽደቅ አይደለም፣ አንድ ድምፅ አንድ ድምፅ ነው።

ዋይት ያን ረቂቅ ከማቅረቡ በፊት በገዛ ግዛቱ ምን ሆነ? በኅዳር 1898 በሰሜን ካሮላይናዋ የዊልሚንግተን ከተማ ጥቁሮችና ነጮች በጋራ የመሠረቱት በምርጫ የመጣ የከተማ አስተዳደር ነበር። የታጠቁ ነጮች ወጡ፣ የጥቁሮችን ጋዜጣ ማተሚያ ቤት አቃጠሉ፣ ብዙ ሰው ገደሉ፣ ከንቲባውንና የምክር ቤቱን አባላት በግድ ሥልጣን አስለቀቁ። ይህ በጠመንጃ የሆነው ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1900 በወረቀት የሆነው ግን ከዚያ የበለጠ ዕድሜ ነበረው። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ መራጭ ለመሆን የማንበብና የመጻፍ ፈተና ግድ ሆነ። ማንበብ የማይችል ነጭስ? ለእርሱ «የአያት አንቀጽ» ተጻፈለት። ከጥር 1 ቀን 1867 በፊት ራሱ ወይም አያቱ የመምረጥ መብት የነበረው ሰው ከፈተናው ነፃ ነው ተባለ። በዚያ ቀን የጥቁሮች አያቶች ምን እንደነበሩ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። በአንቀጹ ውስጥ ግን «ጥቁር» የሚል ቃል ፈልጋችሁ አታገኙም።

በሌሎች የደቡብ ግዛቶችም መንገዱ አንድ ነው። በሉዊዚያና በ1896 ከ130 ሺህ በላይ የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች ነበሩ። በ1900 የቀሩት 5 ሺህ ያህል ናቸው።

ዋይት እንደገና መወዳደር ትርጉም እንደሌለው አየ። በጥር 1901 በምክር ቤቱ የመጨረሻ ንግግሩን አደረገ። ይህ ምናልባት ለጊዜው የጥቁሮች ስንብት ነው፣ ግን አንድ ቀን ተነስተው ይመለሳሉ አለ። ከዚያ በኋላ ለ28 ዓመታት በአሜሪካ ኮንግረስ አንድም ጥቁር አልተቀመጠም። በ1929 ከሰሜኑ ክፍል፣ ከቺካጎ፣ አንድ ሰው መጣ። የዋይት ግዛት ሰሜን ካሮላይና ግን ጥቁር ተወካይ እንደገና የመረጠችው በ1992 ነው። ከሰውየው ስንብት እስከዚያ 91 ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጥቁሮች ከግዛቲቱ አልጠፉም፣ ግብር ይከፍሉ ነበር፣ ለጦርነት ይዘምቱ ነበር።

በመካከሉ ትልቅ ትግል ተደርጓል። በመጋቢት 1965 በአላባማ ግዛት፣ በሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ ሰላማዊ ሰልፈኞች በፖሊስ ዱላና በአስለቃሽ ጋዝ ተደበደቡ፣ በነሐሴ የመምረጥ መብት ሕጉ ተፈረመ። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አንዘረዝረውም። ከሕጉ አንድ ነገር ብቻ እንውሰድ። ቀድሞ ሲያዳሉ የነበሩ አካባቢዎች የምርጫ ሕጋቸውን ለመለወጥ ሲፈልጉ አስቀድመው ለፌዴራሉ መንግሥት አቅርበው ማስፈቀድ ነበረባቸው። ከሰሜን ካሮላይና 100 ካውንቲዎች 40ው በዚህ ግዴታ ሥር ነበሩ።

ታዲያ ጥቁሮች ያለ ከልካይ መምረጥ ከጀመሩ፣ ተወካይ ለማግኘት ለምን ተጨማሪ 27 ዓመት ፈጀባቸው? እዚህ ጋ ነው የመስመር ጉዳይ የሚመጣው። በደንብ ስሙን፣ የንግግራችን እምብርት ይህ ነው።

አንድ መስጂድ እናስብ። ጀመዓው 50 ሰው ነው። 20ው ከታችኛው ሰፈር፣ 30ው ከላይኛው ሰፈር ናቸው። አምስት የኮሚቴ አባላት ይመረጣሉ ተብሎ ጀመዓው አሥር አሥር ሰው ባለባቸው አምስት ምድቦች ተከፈለ፣ እያንዳንዱ ምድብ አንድ ሰው ይመርጣል። ሁሉም የሰፈሩን ሰው ይመርጣል እንበል። የታችኛው ሰፈር ሰዎች በየምድቡ አራት አራት ሆነው ቢበተኑ፣ በአምስቱም ምድብ ስድስት ለአራት ይሸነፋሉ። ከአምስት ወንበር አንድም አያገኙም። አሥሩን በአንድ ምድብ አጭቀን የቀሩትን አሥር በሌሎቹ ብንበትን አንድ ወንበር ብቻ ያገኛሉ። በሦስት ምድብ ስድስት ስድስት ሆነው ቢደለደሉ ደግሞ ሦስት ወንበር አግኝተው ኮሚቴውን ይመራሉ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። ሁሉም አንድ አንድ ድምፅ ነው የሰጠው። ማንም አልተከለከለም፣ ማንም ካርድ አልተነጠቀም። የተለወጠው መስመሩ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ይህን መስመር በየአሥር ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ የሚያሰምሩት በአብዛኛው የየግዛቱ ምክር ቤቶች ናቸው። ተንኮሉ ስም አለው፣ ጄሪማንደሪንግ ይባላል። በ1812 ጄሪ የሚባል የማሳቹሴትስ ገዢ ቅርፁ እንሽላሊት መሰል ፍጡር የሚመስል የምርጫ ክልል ያለበትን ሕግ ፈርሞ ነው ስሙ በዚያው የቀረው። ሰው ስሙን የሚያስቀምጥበት መንገድ ብዙ ነው!

ከ1990ው ቆጠራ በኋላ ሰሜን ካሮላይና 12 ወንበር ነበራት፣ ከሕዝቧ አምስት አንድ ያህሉ ጥቁር ነው። በፌዴራሉ መንግሥት ግፊት ጥቁሮች የሚበዙባቸው ሁለት የምርጫ ክልሎች ተሰመሩ። በ1992 ኢቫ ክሌይተንና ሜል ዋት ተመረጡ። የዋት ክልል፣ 12ኛው፣ 160 ማይል ያህል የሚረዝም፣ በብዙ ቦታ ከአውራ ጎዳናው የማይሰፋ ክር ነበር። አንድ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል የመኪናህን ሁለት በር ከፍተህ በጎዳናው ብትነዳ የክልሉን አብዛኛውን ሰው ትገድላለህ ብሎ እንደቀለደ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ነጮች መራጮች ከሰሱ። በ1993 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰውን በዘሩ ብቻ ለይቶ እንዲህ ያለ መስመር ማስመር በሕገ መንግሥቱ ሊያስጠይቅ ይችላል ብሎ ፈረደ።

እኛ ይህን ስንወያይ ከመካከላችን ሁለት አሳብ ተነሳ። አንዱ ወገን «ፍርዱ እውነት አለው፣ ሰው በቆዳው ተለይቶ መታጨቅ የለበትም» አለ። ሌላው «ለዘጠና ዓመት በመስመርና በፈተና ሲገፉ የኖሩ ሰዎች መስመሩ ሊጠቅማቸው ሲል ነው ወይ ቅርፁ የታየው?» አለ። ሁለቱም ንግግር ክብደት አለው። ግን ቀጥሎ የሆነውን ስሙ።

ከ2010ሩ ቆጠራ በኋላ የግዛቲቱ ምክር ቤት በሌላ ፓርቲ እጅ ነበር። ያንኑ 12ኛ ክልል እንደገና አሰመሩት። ጥቁሮችን ቀነሱበት? የለም፣ ጨመሩበት! ለመምረጥ ዕድሜው ከደረሰው ነዋሪ ውስጥ የጥቁሮችን ድርሻ ከ43.8 በመቶ ወደ 50.7 አደረሱት። ለምን ቢባሉ የመምረጥ መብት ሕጉ ያስገድደናል፣ ለጥቁሮች ብለን ነው አሉ። ሜል ዋት ግን በ43ቱም በመቶ ነጮች እየጨመሩለት ሲያሸንፍ የኖረ ሰው ነው፣ ጭማሪ አላስፈለገውም። የተጨመሩት ሰዎች ከጎረቤት ክልሎች የተወሰዱ ናቸው፣ እዚያ ድምፃቸው ይቆጠር ነበር። በመስጂዱ ምሳሌያችን በአንድ ምድብ የታጨቁት አሥሩ ማለት እነዚህ ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 ይህንን ሻረው።

ስም ቆጣሪ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይደሰት ነበር። ተወካያችን በትልቅ ድምፅ አሸነፈ፣ ወንበሩ አስተማማኝ ሆነ ይል ነበር።

ካርታውስ ምን ሆነ? ምክር ቤቱ አዲስ ካርታ አሰመረ። በዚህ ጊዜ ዘርን ጨርሶ አላየንም፣ ያየነው ፓርቲን ነው፣ ከ13 ወንበር 10ሩ ለእኛ ፓርቲ እንዲሆን ነው ያሰመርነው ብለው በግልጽ ተናገሩ። በዚያ አገር ጥቁሮች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ለአንድ ፓርቲ ድምፅ ስለሚሰጡ፣ ፓርቲን አይቶ ያሰመረና ዘርን አይቶ ያሰመረ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ይደርሳሉ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ድምፅ ለ4 ለፓርቲ ተብሎ የሚሰመር መስመር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚዳኙት ጉዳይ አይደለም አለ። ያቺ በልባችሁ ያዙ ያልናችሁ ክርክር ይኸው መጣች።

ከመስመር ሌላ የሳጥንና የቀን ጉዳይም አለ። የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ከእሁድ አምልኮ በኋላ ምእመናኑን በአውቶቡስ አሳፍረው ቀድሞ ድምፅ ወደሚሰጥበት ጣቢያ የመውሰድ ልማድ አላቸው። ሽማግሌው፣ መኪና የሌላት እናት፣ በሥራ ቀን ከቀጣሪዋ ፈቃድ የማታገኝ ሠራተኛ በዚህ ይደርሳሉ። በሰኔ 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ የማስፈቀዱን ግዴታ ሥራ ላይ እንዳይውል አደረገ። የሰሜን ካሮላይና ምክር ቤት መሪዎች በማግስቱ ሰፊ የምርጫ ሕግ እንደሚያወጡ አስታወቁ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ተፈረመ። ቀድሞ ድምፅ የሚሰጥባቸው ቀናት ከ17 ወደ 10 ወረዱ፣ ከሁለቱ እሁዶች አንዱ ጠፋ፣ በዚያው ቀን ተመዝግቦ መምረጥ ቀረ፣ የመታወቂያ ዓይነት ጠበቀ። ምክር ቤቱ ሕጉን ከማውጣቱ በፊት የትኛው ዘር በየትኛው የአመራረጥ ዘዴ እንደሚጠቀም የሚያሳይ መረጃ አስመጥቶ እንደነበር በፍርድ ቤት ታወቀ። በ2016 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሕጉ ጥቁሮችን ለይቶ የቀዶ ሕክምና በሚመስል ጥንቃቄ ያነጣጠረ ነው ብሎ ሻረው። ሳጥን የት እንደሚቀመጥና ቀኑ መቼ እንደሚሆን መወሰን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብንም።

አሁን ወደ ስም እንመለስ፣ ሙስሊም ስም ወዳለበት። በ2006 ኪት ኤሊሰን ከሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ ተመርጦ የመጀመሪያው ሙስሊም የኮንግረስ አባል ሆነ። ለቃለ መሐላ ሥነ ሥርዓቱ የቶማስ ጄፈርሰን የነበረውን የቁርኣን ትርጉም ተጠቀመ። ይህን ያኔ ሰምተን እኛም ደስ ብሎናል። ግን የመረጡት አብዛኞቹ ሙስሊሞችም ጥቁሮችም አይደሉም። ከእርሱ በኋላ በ2018 ከዚያው ክልል ሞቃዲሾ የተወለደችው፣ በኬንያ የስደተኞች ካምፕ የኖረችው ኢልሃን ዑመር ተመረጠች። የተወካዮች ምክር ቤቱ ከ1837 ጀምሮ በአዳራሹ ውስጥ ራስን መሸፈን የሚከለክል ደንብ ነበረው፣ ለባርኔጣ ታስቦ የወጣ ነው። ለ181 ዓመት ማንንም አላስቸገረም፣ ሒጃብ ያደረገች ሴት ገብታ አታውቅምና። በጥር 2019 ደንቡ ለሃይማኖታዊ አለባበስ ተሻሻለ። በክፋት ያልተጻፈ ደንብም ሰው ውጭ ሊያስቀር እንደሚችል ማየት የሚቻለው በር ላይ የደረሰ ሰው ሲኖር ነው።

በየካቲት 2023 ይኸው ምክር ቤት ስለ እስራኤል ቀደም ሲል የተናገረችውን ምክንያት አድርጎ በ218 ድምፅ ለ211 ከውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አስወጣት። ከኮሚቴው አስወጧት፣ ከወንበሯ ግን ማስነሳት አልሆነላቸውም። ወንበሩ የሚኒያፖሊስ ሰዎች ነው። በ2024 እንደገና መረጧት።

ሌላም አለ። በቴነሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ፣ ጥቁሮች የሚበዙበት ክልል በ2006 ስቲቭ ኮኸን የተባለ ነጭ አይሁዳዊ መረጠ፣ ጥቁር ተፎካካሪዎች እየቀረቡበትም ደጋግሞ አሸነፈ። በ2008 የተወካዮች ምክር ቤቱ ስለ ባርነት ይቅርታ የጠየቀበትን ውሳኔ ያቀረበው እርሱ ነው። ጥቁሮቹ መልኩን አይተው አልተሳሳቱም፣ በየሁለት ዓመቱ ሊያወርዱት እንደሚችሉ እነርሱም እርሱም ያውቃሉ። እኛን የሚያሳስበን የዚህ ግልባጭ ነው። ስሙ የእኛ፣ መልኩ የእኛ፣ ሹመቱ ግን የሌላ የሆነ ሰው። እርሱ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሾመው ነው፣ ብንሆንም እንዲያው እናደርግ ነበር።

«እንግዲያውስ ወንበር በሃይማኖት ይከፈል» የሚል ወንድም አይጠፋም። ሊባኖስን ይመልከት። 128ቱ የምክር ቤት ወንበሮች ለክርስቲያንና ለሙስሊም እኩል ተከፍለው፣ ከዚያም በየጎራው ተሸንሽነው የተቀመጡ ናቸው። ሚዛኑ እንዳይናጋ ተብሎ ከ1932 ወዲህ ይፋዊ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም። ወንበሩን ለመጠበቅ ሰውን መቁጠር የተተወበት አገር ነው። የእኛው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከ550 የማይበልጡ አባላት እንደሚኖሩት፣ ከእነዚህም አናሳ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ እንደሚኖራቸው ይደነግጋል። በሕዝብ ብዛት ብቻ የማይሰሙ ሰዎች እንዳሉ ጸሐፊዎቹ አውቀዋል ማለት ነው። እኛ በሃይማኖታችን ልዩ ወንበር ይመደብልን አንልም። የምንለው፣ የሚወክለን ሰው ማንም ይሁን ማን፣ እኛ ያስቀመጥነውና እኛ ልናወርደው የምንችል ይሁን ነው።

ጆርጅ ዋይት በ1900 ያቀረበው ጉዳይ በመጨረሻ ሕግ ሆኖ የተፈረመው በመጋቢት 2022 ነው። ከ120 ዓመት በላይ፣ በየዘመኑ ከሁለት መቶ ጊዜ ያላነሰ እየቀረበና እየወደቀ።

አዛን ሊል ነው፣ አናስረዝምባችሁ። ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ስድስት ሆነን ተቀምጠን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። የምትኖርበት የምርጫ ክልል ስሙ ማን ነው? ድንበሩ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ወንዝ ድረስ ነው? አሁን ያለው ተወካይህ ማን ይባላል? ከስድስታችን አራታችን ሦስቱንም አልመለስንም። ስንት ሙስሊም ሚኒስትር እንዳለ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እስከሚቀጥለው ጁምዓ እያንዳንዳችሁ እነዚህን ሦስት መልሶች በወረቀት ጽፋችሁ ኑ፣ እህቶችም ለብቻ እንዲሰበስቡ ተነጋግረናል። እኛም የራሳችንን ይዘን እንመጣለን።